«ቫይታሚን ነው እናቴ»

ለጓደኛዬ ሠርግ ሚዜ ሆኜ ልብስ ስንለካ ፎቶ ተነሳን። ፎቶውን ሳየው ዓይኔ ሌላ ምንም አላየም። አገጬ ሥር ያለችውን ስብ ብቻ። ሰው ሁሉ «ተመችቶሻል» ይለኛል፣ እናቴማ ጭራሽ ደስ ይላታል። እኔ ግን ሌላው ሰውነቴ ሳይወፍር ስቡ እዚያች ቦታ ላይ ለምን ቤት እንደሠራ አይገባኝም።

ፀጉሬን የምሠራበት ሳሎን ጓዳ ውስጥ «ስብ የሚያቀልጥ መርፌ» እንደሚወጉ ሰምቼ ነበርና ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሄድኩ። ልጅቷ ጓንት አድርጋለች፣ ነጭ ጋዋን ለብሳለች። ምን እንደተማረች አልጠየቅኳትም። የጠየቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው ምንድን ነው?

«ቫይታሚን ነው እናቴ፣ የኮሪያ ነው።»

በቃኝ። ሽንኩርት ስገዛ እንኳ አንድ በአንድ አገላብጬ የምመርጠው እኔ፣ ለአገጬ ያቺ መልስ በቃችኝ።

ማታውን አንገቴ ተነፋ። በሦስተኛው ቀን ምራቄን ስውጥ ያመኛል፣ ቆዳዬ ሥር ደግሞ እንደ ባቄላ የጠጠሩ ነገሮች በጣቴ እቆጥራለሁ። ስደውልላት «ኖርማል ነው» ትለኛለች። የሠርጉን አልበም ብታዩት በሁሉም ፎቶ ላይ እጄ አገጬ ላይ ነው፣ የምትተክዝ ሚዜ እመስላለሁ።

ከሠርጉ በኋላ ነው የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ዶክተሯ «ጠርሙሱን አይተሽዋል?» አለችኝ። አላየሁም። ዝም አለች፣ ዝምታዋ ከቁጣ ይብሳል።

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ፣ እኔም ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። ለዚህ ሥራ ዋናው መድኃኒት ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ይባላል። ቫይታሚን አይደለም። ሐሞታችን ውስጥ ያለ፣ የበላነውን ቅባት የሚበትን ነገር ነው፤ ለመርፌ የሚሆነው በፋብሪካ ይሠራል። ቆዳ ሥር ሲገባ የስብ ሕዋሱን ግድግዳ ያፈርሰዋል፣ ፍርስራሹን ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠርገዋል። ስለዚህ «ማቅለጥ» የሚለው ቃል ራሱ ያታልላል፣ ቅቤ ማንጠር አይደለም። ማበጡና መደንዘዙ ከሥራው ጋር የሚመጣ ነው፣ ልጅቷ እዚህ ላይ አልዋሸችም። ግን አሲዱ ስብን ከሌላው ለይቶ አያውቅም። ከቆዳ በጣም ቀርቦ ከተወጋ ቆዳውን ያቆስላል፣ መንጋጋ ጠርዝ ላይ የምታልፈውን ነርቭ ካገኛት ደግሞ ፈገግታሽን ለሳምንታት ያጣምመዋል። ሐሞቴ ፈሰሰ ይባል የለ? ይሄን ስሰማ የኔም ፈሰሰ።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይህን መድኃኒት በ2015 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የፈቀደው ለአገጭ ሥር ስብ ነው እንጂ ለቦርጭ ወይም ለክንድ አይደለም። በአንድ ቀጠሮ እስከ 50 ትንንሽ መርፌ፣ ቢበዛ 6 ዙር፣ በየመሃሉ ቢያንስ አንድ ወር። የኔዋ በሁለት ሳምንት ተመለሺ ብላኝ ነበር! ያው መሥሪያ ቤት በ2023 መጨረሻ ላይ ስላልተፈቀዱ ስብ ማቅለጫ መርፌዎች ሲያስጠነቅቅ ጠባሳ፣ ኢንፌክሽን፣ ቆዳ ሥር የሚያሙ እብጠቶች ብሎ ዘርዝሯል። ባቄላዎቼን አገኘኋቸው ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ስለ «ሜዞ»ም አነበብኩ፣ ሳሎኑ ለፊትም ለፀጉርም ይሸጠዋልና። ሜዞ የመድኃኒት ስም አይደለም፣ ቆዳ ውስጥ በትንንሹ እየደጋገሙ የመውጋት፣ የአወጋግ ስም ነው። ሚሼል ፒስቶር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1952 አስም ለያዘው ሰው ማደንዘዣ ሲወጋው፣ አስሙ ብዙም ሳይሻለው የደነቆረው ጆሮው ትንሽ ሰማ፤ ነገሩ ከዚያ ተጀመረ ይባላል። ውበት በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ «ሜዞ ልሥራልሽ» ማለት «ወጥ ልሥራልሽ» እንደማለት ነው። የምን ወጥ?

ማዲያት ያለባችሁ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የኛ ዓይነት ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ይጠቁራል፣ ማዲያት ላጥፋ ብለሽ ሌላ ጥቁረት ልትጨምሪ ትችያለሽ። የሚያቀላ መርፌ የሚባለውንማ የአሜሪካው ባለሥልጣን አንዱንም አልፈቀደም።

ዶክተሯን ስለ ፀጉሬም ጠየቅኳት፣ ግንባሬ ላይ ሳስቷልና። ፒአርፒ የሚሉትን ፈልጌ ነበር፤ የራስሽን ደም ቀድተው በማሽን አሽከርክረው ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የበዛበትን ፈሳሽ ራስ ቅልሽ ላይ ይወጉታል። ፀጉር በዘር ለሚሳሳበት ሰው እንደሚጠቅም የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። እሷ ግን ጠርዙን በጣቷ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና «አንቺን የጎዳሽ ሹሩባው ነው፣ አጥብቀሽ አትሠሪ» አለችኝ። መርፌ ስጠብቅ ምክር ሰጠችኝ። ትንሽ ተናድጄ ነበር፣ ቤት ገብቼ በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ፈቃድ በሌለው ስፓ በዚሁ ደም ፊታቸውን የተወጉ ሴቶች ኤችአይቪ እንደያዛቸው እስካነብ ድረስ።

እናቴ ሁሉንም ከሰማች በኋላ «አያትሽ እንኳ ድዷን ስትነቀስ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር» አለችኝ። ምን ነበር? «የኩራዝ ጥላሸት ነዋ!»

ባለፈው ሳምንት ፀጉሬን ልታጠብ እዚያው ሳሎን ገባሁ። ልጅቷ ሌላ ደንበኛ ልትወጋ ስትዘጋጅ «እስቲ ጠርሙሱን አሳዪኝ» አልኳት። ሳትኮሳተር አወጣችልኝ። ጽሑፉ ሁሉ በኮሪያ ፊደል ነው።

«ምን ይላል?»

«ኧረ እኔም ማንበብ አልችልም» ብላ ሳቀች።