የኦፐር መግቢያ ማስጠንቀቂያ፦ ማንን ነው የሚያስጠነቅቀው?

ሰርቨሩ አንሪል-አይአርሲዲ 6 ነው፤ አይአርሲ ለሚባለው የጽሑፍ መወያያ የሚሆን ሶፍትዌር። ኦፐር የምንለው ሰርቨሩን የሚያስተዳድረውን ሰው ነው። መጫኑ፣ ሰርተፍኬት ማስገባቱ፣ ለተመሰጠረ ግንኙነት የሚሆነውን 6697 ፖርት መክፈቱ ሰነዱን እየተከተሉ የሚያልቅ ሥራ ነው። የኦፐር የይለፍ ቃልም እንደዚያው፤ ሰርቨሩ ራሱ በአርጎን2 ሃሽ አድርጎ (ወደ ኋላ በማይመለስ መልክ ቀይሮ) ይሰጣል፣ ገልብጦ በኮንፊግ ፋይሉ ኦፐር ብሎክ፣ የኦፐሩ ቅንብር በሚጻፍበት ክፍል ውስጥ መለጠፍ ብቻ ነው።

ያንገበገበኝ ማስጠንቀቂያው ነው። የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፦ ሰው የኦፐር የይለፍ ቃል እየገመተ ሲሞክር ወዲያው እንዳውቅ። በሴት ብሎክ (የሰርቨሩ የጋራ ቅንብር በሚጻፍበት ክፍል) ኦፕሽንስ ሥር «ፌይል-ኦፐር-ዋርን» የሚል ምርጫ አገኘሁ፤ ጻፍኩት፣ ሪሃሽ አደረግሁ (ሰርቨሩ ኮንፊጉን እንደገና እንዲያነብ አዘዝኩ)፣ አለቀ ብዬ ተውኩት።

አላለቀም። ምርጫው የሚያስጠነቅቀው ሞካሪውን ነው! ቃሉን ለሳተው ሰው «ሙከራህ ተመዝግቧል» የሚል መልእክት ይልክለታል፤ ለኦፐሮች ምንም አይጨምርም። ሰነዱ ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ እኔ ስሙን አይቼ ትርጉሙን ዘለልኩ። ስሙን ያወጣለት ሰውም ትንሽ ቢያስብበት ምን ነበረበት።

ለኦፐሮች ወሬው የሚደርሰው በስኖማስክ ነው፤ አንድ ኦፐር የትኞቹን የሰርቨር ማስታወቂያዎች እንደሚቀበል የሚወስኑ ፊደሎች ናቸው። ትንሿ «ኦ» ፊደል የተሳካውንም ያልተሳካውንም የኦፐር መግቢያ ታመጣለች። እንድትሠራ ግን «ስኖማስክስ-ዲፎልት-ኮንፍ» የሚባለው ፋይል በኢንክሉድ መጠራት አለበት፤ የትኛው የሎግ ምንጭ ወደ የትኛው ፊደል እንደሚሄድ የተጻፈው እሱ ውስጥ ነው። ከ5 ወደ 6 የሚሻገር ሰው ይህን መስመር ራሱ መጨመር አለበት።

ይህንን ሁሉ አስተካክዬም ዝም አለኝ። ጥፋቱ የራሴው ኦፐር ብሎክ ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ኦፐሮች የስኖማስክ መስመር ስላልነበራቸው በሴት ብሎክ ያለውን የጋራውን ይወስዳሉ። እኔ ግን ለራሴ የሚመቹኝን ፊደሎች መርጬ ጽፌ ነበር፣ «ኦ» የለችበትም። በኦፐር ብሎክ የሚጻፈው ስኖማስክ የጋራውን ይተካዋል እንጂ አይደመርበትም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ከሁሉም ሰው ይልቅ እኔን ነበር የሚዘልለው። መስመሩን አጥፉት፤ ካላጠፋችሁት «ኦ»ን አትርሱ።

ሳትሞክሩት አትመኑት። በአንዱ መስኮት ኦፐር ሆናችሁ ተቀመጡ፣ በሌላው ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ቃል አስገቡ። የሚመለሰውን ቁጥር እዩት፦ 491 ከሆነ ወይ የኦፐሩ ስም የለም ወይ አድራሻችሁ ከማስኩ (ኦፐሩ ከየት መግባት እንደሚችል ከሚወስነው መስመር) ጋር አልገጠመም፤ የይለፍ ቃሉ ገና አልታየም። 464 ከሆነ ስሙም ማስኩም ልክ ነው፣ የተሳሳተው ቃሉ ብቻ ነው። ለሌባ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። የኦፐሩን ስም ከኒካችሁ (ቻት ላይ ከሚታየው ስማችሁ) ለዩት የምለው ለዚህ ነው። በናሙናው ኮንፊግ ላይ ያለውን ሁሉን ተቀባይ ማስክም እንዳለ አትተዉት፤ አይፒያችሁ የሚቀያየር ቢሆን እንኳ ቢያንስ ወደ ኔትዎርካችሁ አጥብቡት።

ስኖማስክ የሚደርሰው በሰዓቱ መስመር ላይ ላለ ኦፐር ብቻ ነው። ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ለማንም አይደርስም። ስለዚህ ምንጩ ኦፐር የሆነ አንድ ሎግ ብሎክ ጨምሬ ለብቻው ወደ ተለየ ፋይል እንዲጽፍ አደረግሁ። ከጠቅላላው ሎግ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መፈለግ አሰልቺ ነው፤ ይህኛው አጭር ስለሆነ ይነበባል።

ያለ ቲኤልኤስ፣ ማለትም ያለ ምስጠራ፣ የሚገባን ሰው የሚመለከተው «ፕሌይንቴክስት-ፖሊሲ» ለኦፐር ሦስት ምርጫ አለው፦ መፍቀድ፣ ማስጠንቀቅ፣ መከልከል። ማስጠንቀቁን አልወደውም። «ያለ ቲኤልኤስ ነው የገባኸው» የሚለው መልእክት ሲመጣ ቃሉ ተገልጦ መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ሰውየውም ገብቷልና ነገም እንደዚያው ይገባል። መከልከሉም የወጣውን ቃል አይመልስም፤ ግን ልማድ እንዳይሆን ያደርጋል።

«ፌይል-ኦፐር-ዋርን»ን በኋላም አላነሳሁትም። ሌባን ያስፈራል ብዬ አይደለም፤ ቃሉን የሳተ የራሳችን ሰው ሙከራው እንደተጻፈ አውቆ «እኔ ነኝ» ብሎ ስለሚነግረኝ ነው።

አንድ ነገር ግን የትኛውም ምርጫ አይዝላችሁም፦ ከኦፐር ትእዛዙ ስላሽ (/) በፊት ባዶ ቦታ ከገባ ብዙ ክላየንቶች ትእዛዝ መሆኑን አያዩም፤ የይለፍ ቃሉ እንዳለ ቻናሉ ላይ ይለጠፋል። በሎጉ ውስጥ ያልተሳካ ሙከራ ሆኖ እንኳ አይመዘገብም። ያኔ ወዲያው አዲስ ሃሽ አውጥቶ ሪሃሽ ማድረግ ነው።