ባዶው ኮንስትራክተር የሠራኝ ሥራ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ሐምሌ ላይ ኮድ የሚጻፈው ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው፤ ጣት ብቻ ይወጣል። ባለፈው ክረምት እንደዚያ ሆኜ ለአንድ እህል ነጋዴ ደረሰኝ የሚይዝ ፕሮግራም ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እሠራ ነበር።

ኔትወርክ ሲኖር ደረሰኙ ሰርቨር ላይ ያለ ዳታቤዝ ይገባል። ሲጠፋ (እሱ ደግሞ መጥፋት ይወዳል) እዚያው ላፕቶፑ ላይ ፋይል ይሆናል። ኢንተርፌሱ (ማከማቻው ምን መሥራት እንዳለበት የሚናገረው ውል) አንድ፣ ውሉን የሚፈጽሙት ክላሶች ሁለት። አንደኛው ኮንስትራክተሩ ላይ (ክላሱ ሲፈጠር የሚሠራው ኮድ ላይ) የዳታቤዝ ኮኔክሽን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ፎልደርና ሰዓት (ጊዜ የሚነግረው ኮድ)።

ቴስቱን አንዴ ጽፌ ሁለቱንም ልፈትን ብዬ የኤንዩኒትን (የቴስት መሣሪያ ነው) ጄኔሪክ ፊክስቸር ያዝኩ፤ ያንኑ ቴስት በተለያየ ክላስ ያስኬዳል። ክላሱን በ«ኒው» ለመፍጠር ግን ባዶ፣ ማለትም ምንም የማይጠይቅ ኮንስትራክተር የግድ ነው። ጨመርኩላቸው። የፋይሉ ክላስ ፎልደር ካልተሰጠው የዊንዶውስን ጊዜያዊ ፎልደር እንዲጠቀም አደረግኩ። ቴስቱ አረንጓዴ በራ፤ እኔም ሻዬን ቀዳሁ።

ጉዱ የፈላው ሱቁ ውስጥ ነው። ሰዓቱን ዲአይ ኮንቴይነሩ (ለክላሶቹ የሚጠይቁትን አቀብሎ የሚፈጥራቸው ክፍል) ላይ መመዝገብ ረስቻለሁ። የዶትኔት (ሲ ሻርፕ የሚሠራበት መድረክ) ኮንቴይነር ደግሞ ማሟላት ከሚችላቸው ኮንስትራክተሮች ብዙ ፓራሜትር ያለውን፣ ማለትም ብዙ የሚጠይቀውን ይመርጣል። ሰዓት ከሌለ የሚሟላው ያው የእኔ ባዶ ነው። ኤረር ቢያወጣ ምን ነበረበት! ዝም ብሎ ሠራ።

«አንተ ልጅ፣ የማክሰኞው ገብስ ደረሰኝ የት ገባ?» አሉኝ ጋሼ፣ ነጋዴው። ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ተከምሮ አገኘሁት። ደግነቱ ማንም አላጸዳውም።

ማታውኑ ሁለቱንም ባዶ ኮንስትራክተር አጠፋሁ። ቴስቶቹን አንድ አብስትራክት ክላስ (ብቻውን የማይፈጠር፣ ሌሎች የሚወርሱት) ውስጥ ሰበሰብኩና «ማከማቻ_ፍጠር» የሚል፣ ወራሾቹ የሚሞሉት አብስትራክት ሜተድ ሰጠሁት። ሲ ሻርፕ በፊደላችን ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ ቴስት ላይ እኔ አልሰስትም። ከዚያ ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ወራሽ። የፋይሉ ወራሽ አዲስ ፎልደርና የቆመ የውሸት ሰዓት ይዞ ይፈጥራል። የዳታቤዙ ወራሽ ሜሞሪ ላይ የሚኖር ኤስኪውላይት የሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ይከፍታል። ኮኔክሽኑ ከተዘጋ ዳታው አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ቴስቱ እስኪያልቅ ክፍት ይቆያል። ኤንዩኒት የተወረሱትን ቴስቶች በየወራሹ ያስኬዳል፤ አብስትራክቱን ብቻውን አይነካውም።

ገና እንዳስኬድኩት አንዱ ቴስት ቀላ፣ ማለትም ወደቀ፤ «ያንኑ_ቁጥር_ሁለቴ_አይቀበልም»። ዳታቤዙ ዩኒክ ኪይ (ቁጥር እንዳይደገም የሚከለክል) ስላለው እምቢ ብሏል። ፋይሉ ግን አሮጌው ላይ ጽፎበት አርፏል። ይቺን እንኳ ከጋሼ ቀድሜ አየኋት።