ከአምስት ከረሜላ ሁለቱን ብንበላ

አጸደ ሕፃናት ውስጥ ለሚያስተምር ሰው እንደ ቆርኪ ያለ ታማኝ የማስተማሪያ መሣሪያ የለም፤ አይሰበርም፣ አይቀልጥም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይበላም። ችግሩ አምስት ዓመት የሞላቸው ተማሪዎቼ ለቆርኪ ደንታ የላቸውም። በተለይ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ልጅ ሦስት ላይ ስትደርስ አራትን ዘልላ ወደ ሰባት ትሄዳለች፤ ደስ ሲላትም አንዱን ቆርኪ ሁለት ጊዜ ትቆጥረዋለች።

ኮሌጅ ሳለን በተማርነው የሕፃናት ሥነ ልቦና፣ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ እኩል ብዛት ያላቸውን ነገሮች በሁለት ረድፍ ደርድሮ አንደኛውን ረድፍ ሲያራርቀው፣ ስድስት ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች የረዘመውን ረድፍ «ይህ ይበልጣል» እንደሚሉ አሳይቷል። በ1967 እ.ኤ.አ. ግን ሜህለርና ቤቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ትንንሽ ሕፃናትን በጭቃ እንክብልም በከረሜላም ፈተኑ፤ የመረጡትን ረድፍ እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው፣ አጭርም ቢሆን ከረሜላ ወደሚበዛበት ረድፍ ይበልጥ እንደሚያደሉ አገኙ። የሰው ልጅ ሆዱ ሲነካ ሒሳብ ይገባዋል ማለት ነው። እኔም ለሕፃን ጉሮሮ የሚያሰጋውን ደረቅ ከረሜላ ትቼ፣ ለስላሳውን የወተት ከረሜላ በፌስታል አንጠልጥዬ ክፍል ገባሁ።

አምስት አምስት አደልኩና፣ «ከአምስት ከረሜላ ሁለቱን ብንበላ ስንት ይቀራል?» ብዬ ጠየቅሁ። «ብንበላ» ያልኩት ለምሳሌ ያህል ነበር፤ ልጆቹ ግን እንደ ትእዛዝ ስለወሰዱት ጥያቄዬን ሳልጨርስ ክፍሉ በወረቀት ኮሽታ ተሞላ። ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ አምስቱንም በሁለት ጉንጩ ወጥሮ፣ ስንት እንደቀረው ስጠይቀው ባዶ መዳፎቹን ዘረጋልኝ። ዜሮን ለማስተማር ያቀድኩት ለሚቀጥለው ወር ነበር። ከአያቱ ጋር የሚኖረው ጓደኛው ደግሞ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ይኼ ወተት አለበት» ብሎ አምስቱንም ወረቀታቸውን ልጦ ኪሱ ከተተና፣ ምንም ስላልበላ አምስት እንደቀረው በኩራት አስታወቀ። መልሱ ትክክል ነበር፤ ኪሱን ግን ሞግዚታችን እስከ ምሳ ሰዓት በሙቅ ውኃ ስታሸው ቆየች።

በዚህ መሀል ርዕሰ መምህርቷ ብቅ ብለው፣ «ልጆች፣ ዛሬ ምን እየተማራችሁ ነው?» አሉ። ጥርሱ በከረሜላ ስለተጣበቀ አፉን የሚከፍት ጠፋ። በመጨረሻ አንዱ ታግሎ «መቀነፍ» አለ። እሳቸውም እኔን አዩኝ፣ ወለሉን የሸፈነውን ወረቀት አዩ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ በሩን ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የመስኮቷ ልጅ እስከዚያ ድረስ አንድም አልቀመሰችም ነበር፤ ከረሜላዎቿን ደብተሯ ላይ ደርድራ እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ሁለቱን አንስቶ ሲጎርስባት ጊዜ ሳታለቅስ ወደ እኔ መጣችና፣ «ቲቸር፣ አምስት ነበረኝ፣ ሁለት በላብኝ፣ ሦስት አለኝ፤ ሁለት ስጪኝ» አለችኝ። የሚዘለል ቁጥር የለ፣ ሁለት ጊዜ የሚቆጠር የለ! ፌስታሉ ባዶ ስለነበር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ትረሳዋለች ብዬ በመተማመን ሰኞ እሰጥሻለሁ አልኳት።

ሰኞ ጠዋት እናቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ ይቅርታ፤ ቅዳሜና እሁድን ‹ቲቸር ጋ ሁለት ከረሜላ አለኝ› ስትል ነው የከረመችው» አለችና ሳቋን አፍና ዘወር አለች። ቦርሳዬን ብፈትሽ አንድ ከረሜላ ብቻ ተገኘ። ያን ጊዜ ፒያዤ ትዝ አለኝ፤ ከረሜላውን ለሁለት ከፍዬ፣ ቁራጮቹንም መዳፌ ላይ አራርቄ አስቀምጬ «ይኸው ሁለት!» አልኳት። ልጅቷም ቁራጮቹን አንስታ በጥንቃቄ ገጣጠመቻቸው፤ ጥቂት ከተመለከተችም በኋላ ሌላኛውን መዳፏን ዘረጋችልኝ።

«ይኼ አንድ ነው፤ አንድ ይቀራል።»