ቻና ማሳላ ለጾም ሰሞን፦ ከሽንብራው ቅቅል እስከ ቁሌቱ

በጾም ሰሞን የቤታችን ማዕድ በሽሮና በምስር መካከል ሲመላለስ ስለሚከርም፣ የፑንጃቦቹን ቻና ማሳላ መሥራት ጀመርኩ፤ ቅቤም ወተትም የማይሻ፣ ዋና ግብዓቱም ሽንብራ የሆነ ወጥ በመሆኑ ለጾሙም ለፕሮቲኑም ይመቻል። የሕንድ ወጥ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቅመሙ ይሮጣል። እኔ ግን ቅድሚያ የምሰጠው ለቅቅሉ ነው፤ ከቅመሙ አንዱ ቢጎድል ወጡ ይበላል፣ ሽንብራው ከጠጠረ ግን ማንም ደግሞ አይጎርስም።

ለአራት ሰው ሩብ ኪሎ ደረቅ ሽንብራ፣ ትልቁንና ነጣ ያለውን ካቡሊ የተባለውን ዓይነት ለቅሜ፣ ጨውና የሻይ ማንኪያ ሩብ የሚሆን የመጋገሪያ ሶዳ በጨመርኩበት ውኃ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ። ሶዳው የእህሉን ሕዋሳት አጣብቆ የያዘውን ፔክቲን ያላላል፤ ከበዛ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ ከተማ የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት ለእኛ አይበቃም። በፕሬዠር ድስት መቀቀል ጊዜም ጋዝም ይቆጥባል። የበሰለ ሽንብራ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲጫኑት ውስጡ ፍርክስክስ ሳይቀረው እንደ ቅቤ ይላላል። እዚህ ደረጃ ሳይደርስ ቲማቲምም ሎሚም አላስጠጋውም፤ ኮምጣጣ ነገር ፔክቲኑን ስለሚያጠነክረው ቢቀቅሉት ቢቀቅሉት አይለሰልስም።

ቁሌቱ ከእኛ ይለያል። እኛ ሽንኩርቱን ብዙ ጊዜ ያለ ዘይት አስቀድመን እናቁላላለን፤ እዚህ ግን ዘይቱ ከጋለ በኋላ መጀመሪያ የሚገባው ያልተፈጨ ከሙን፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ነው። ከሙኑ ሲንጣጣና ሽታው ሲነሣ ደቅቆ የተከተፈ ሽንኩርት እጨምራለሁ፤ ቡናማ እስኪሆን መታገሥ ያስፈልጋል፤ የወጡ ቀለምም ጣፋጭነትም የሚመጣው ከዚህ ነውና። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ከዚያም እርድ፣ የተፈጨ ድንብላልና ደረቅ ቃሪያ ይከተላሉ። በርበሬ ባይገባ እመርጣለሁ፤ ኮረሪማውና በሶብላው የራሳቸውን ወጥ ሠርተው ቁጭ ይላሉ። ቲማቲሙ ከገባ በኋላ የማየው የድስቱን ዳር ነው፦ መጀመሪያ ውኃ ውኃ ይላል፣ ቀጥሎ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ በዳር በዳር ያንጸባርቃል። ያን ጊዜ ሽንብራውን ከነመቀቀያ ውኃው እገለብጥበትና አንድ ጭልፋ ያህሉን እዚያው ጨፍልቄ ሃያ ደቂቃ ያህል በለዘብታ እሳት እንዲንተከተክ እተወዋለሁ። መረቁ በጭፍልቁ ስለሚወፍር ክሬም አያስፈልገውም። ጋራም ማሳላ እንደ መከለሻችን መጨረሻ ላይ ይነሰነሳል፤ ሕንዶቹ ከደረቅ ማንጎ ዱቄት የሚያገኙትን ኮምጣጣነት እኔ ድስቱ ከወረደ በኋላ ከሎሚ አገኘዋለሁ።

ስለ ፕሮቲኑ ልኩን መናገር ይሻላል። መቶ ግራም ደረቅ ሽንብራ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ስላለው፣ ሩብ ኪሎው ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው 12 ግራም ያህል ይደርሰዋል፤ ክፉ አይደለም፣ ጠንካራ ሥራ ለሚሠራ ግን ያንሳል። ስለዚህ 50 ግራም ደረቅ የሶያ ሥጋ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራውን ሥጋ መሰል የጾም ምግብ፣ እጨምራለሁ፤ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን በመሆኑ የአንዱን ሰው ድርሻ ወደ 18 ግራም ያደርሰዋል። በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ አጥብቆ መጭመቅና በጥቂት ዘይት ጠበስ ማድረግ የግድ ነው፤ አለዚያ የሶያው ሽታ ወጡን ይወርሰዋል። በሩዝ፣ በቻፓቲ ወይም በእንጀራ መብላትም ረብ አለው፤ ከፕሮቲን መገንቢያዎቹ (አሚኖ አሲዶች) ሽንብራ የሚያንሰው ሜቲዮኒን በእህሉ፣ እህሉ የሚያንሰው ላይሲን ደግሞ በሽንብራው ይሞላል። ወጡ ሲያድር ስለሚጠጥር፣ በማግስቱ ሲሞቅ ጥቂት ፍል ውኃ ጠብ ማድረግና ሎሚውን እንደገና መጭመቅ ያስፈልጋል።