ለማሙሽ ገና እኩለ ሌሊት ነበር

ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ስልኬ አያርፍም። ሰው ሁሉ አደይ አበባ መሃል ፎቶ መነሳት ይፈልጋል። አበባው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መስከረም ላይ ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። እኔ ስቱዲዮ የለኝም። የማነሳው ልጆችንና ቤተሰብን ነው፤ ያውም ደጅ። በጋ ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ወይም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ መስከረም ላይ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ።

ይህን የማወራውን ሥራ ያመጣችው አንዲት ወጣት ናት። ከዋሽንግተን አክስቷ ከነባሏና ከነልጃቸው ይመጣሉ። እዚህ ያሉት ሲጨመሩ ዘጠኝ ሰው ይሆናሉ። ልጁ ሦስት ዓመት ተኩል ነው፤ አያቱ ሲያዩት ገና መጀመሪያቸው ነው። ልጅቷ ሁሉን ነገር አስባ ጨርሳለች። ልብሱ ተሰፍቷል፣ መኪና ተይዟል፣ ሰዓቱም ተወስኗል፤ ማታ ጀምበር ስትጠልቅ። ስልኳ ላይ ያስቀመጠቻቸውን ፎቶዎች ላከችልኝ። ወርቃማ ብርሃን፣ ነጭ ቀሚስ፣ ከኋላ የምትጠልቅ ፀሐይ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ይሁን» አልኳት።

«ጠዋት አንድ ሰዓት? ሜካፑስ መቼ ይሠራል?»

ምክንያቴን ነገርኳት። አንደኛ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ ክረምቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ጠዋቱ ጥርት ይልና ከሰዓት በኋላ ይደምናል፤ አንዳንዴም ያወርደዋል። ሁለተኛ፣ በፎቶ ላይ የምታዩት ረጅም የማታ ብርሃን ብዙውን ጊዜ የሌላ አገር ነው። የእኛ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው ቁልቁል የምትወርደው። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወርቃማ ሆነች ስትል፣ ማታ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ጨለመ። ለሁለት ፍቅረኛሞች ይበቃል። ዘጠኝ ሰው አሰልፎ፣ ነጠላ አስተካክሎ፣ የሚሮጥ ልጅ መልሶ ለማንሳት ግን አይበቃም። ሦስተኛውና ዋናው ልጁ ነው። ትንሽ ልጅ ማታ ይነጫነጫል። ርቦታል፣ ደክሞታል፣ እንቅልፉ መጥቷል። ጠዋት ቁርሱን በልቶ የወጣ ልጅ ግን ሌላ ሰው ነው።

ትንሽ አንገራገረችና ተስማማች። ሜካፕ ሠሪዋ ሌሊት አሥር ሰዓት ትመጣለች ተባለ። እግዜር ይርዳት።

በዋዜማው ሱሉልታ ሄጄ ቦታውን አየሁ። ይህን ሁልጊዜ አደርገዋለሁ፤ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሲጠይቁኝም መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ነው። ያ ሜዳ ባለቤት አለው። አበባው የበቀለው በገብስ ማሳ ዳርቻ ነው፤ ሰው ሲመላለስበት ገብሱም ይረገጣል። ባለቤቱን «አካም ጂርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የእኔ ኦሮምኛ ስላለቀ ወደ አማርኛ ገባን። የት እንደምንቆም፣ መኪናው የት እንደሚቆም ተነጋገርን። ገንዘቡንም ያኔውኑ ሰጠኋቸው። ይህን ያላደረገ ሰው በማግስቱ ቤተሰቡ ፊት በፍራንክ ሲጨቃጨቅ ይገኛል። ፊት ላይ ያለው ፈገግታ ሁሉ በዚያው ይጠፋል።

ማግስቱ ጠዋት ያልጠበቅሁት ሆነ፤ በሰዓቱ መጡ። ሰማዩ ኩልል ብሏል፣ ጤዛው አበባው ላይ ነው። ሁሉም በሀገር ልብስ አምረዋል። ማሙሽ ብቻ አባቱ ትከሻ ላይ ተኝቷል።

ቀሰቀሱት። ዓይኑን ገለጠ፣ ዙሪያውን አየ፣ ከዚያ ጩኸቱን ለቀቀው። የሚያውቁት ጩኸት ነበር ብል ውሸት ነው። እናቱ ራሷ ደነገጠች። መሬት ሲያስቀምጡት እግሩን አጥፎ አልቆምም አለ። አዲሱ ጫማ ወልቆ አንዱ ጤዛው ውስጥ ገባ። ከዚያ የተለመደው ነገር ተጀመረ። አንዷ ቸኮሌት አወጣች። አንዱ ስልክ ላይ ካርቱን ከፈተ። አጎትየው እያጨበጨበ ዘፈነ። አባትየው በእንግሊዝኛ ለመነው፣ ቀጥሎም በአማርኛ ተቆጣው። ይህ ሁሉ ሰው አንድ ልጅ ላይ ሲረባረብ ልጁ የሚያየው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የተከበበ መሆኑን። «ኖ ፒክቸር!» ይላል፤ ካሜራዬን ገና ከቦርሳ አላወጣሁም።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ዝም ብለህ አንሳው፤ ሲያለቅስም ያምራል።»

ሲያለቅስ የሚያምር ልጅ አለ፤ አልክድም። በፍርሃት የሚጮህን ልጅ ግን አላነሳም። ፎቶው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በየዓመቱ ሲያዩት የሚያስታውሱት ያንን ጠዋት ነው። ደግሞ አንዴ ካሜራ ከፈራ ቀኑን ሙሉ አይመለስም።

እናቱን ገለል አድርጌ ጠየቅኋት። «ማታ ስንት ሰዓት ተኛ?»

«ምን ማታ አለ? ሌሊት አሥር ሰዓት ነው የተኛው። እኛም አልተኛንም። ከገባን ገና ሁለተኛ ቀናችን እኮ ነው።»

እኔ የማውቀው ሳምንት ቀድመው እንደሚገቡ ነበር። ለካ በረራቸው ተቀይሯል። ሁሉም ለሁሉም ሲነግር ለእኔ የነገረኝ የለም። ሜካፕ ሠሪዋ እንኳ ታውቃለች።

ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። መስከረም ላይ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። እዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ እኩለ ሌሊት ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተኛ የተባለው ልጅ በራሱ አቆጣጠር ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተኛው፤ ልክ እንደ ጨዋ ልጅ። እኛ ነን በእኩለ ሌሊት ከአልጋ አውጥተን፣ ጥልፍ ሸሚዝ አልብሰን፣ ብርድ ላይ አቁመን ሳቅ የምንለው። ለሌላ ልጅ የሚበጀው ጠዋት ለእሱ የማይሆን ሰዓት ነበር። ያቺ ልጅ በምኞት የመረጠችው ማታ፣ ለዚህ ልጅ፣ ትክክል ነው።

ለአባትየው አስረዳሁት። አልተዋጠለትም። «ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቤ? ነገ እኮ ግማሹ ሥራ ይገባል» አለ። ሰው ነውና አልፈርድበትም። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው እያንዳንዷ ቀን ተቆጥራ የተያዘች ናት።

ነገሩን የቆረጡት አያትየው ናቸው። እስከዚያ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ወረዱና ልጁን ተቀብለው በጋቢ ጠቀለሉት። «ይተኛ» አሉ። «ልጄ፣ አንተ እኛን አንሳን። እኛ ነቅተናል።»

እንዳሉት አደረግን። ማሙሽ መኪና ውስጥ ተኛ፤ እናቱም አብራው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት፤ በኋላ ነው የመጣችው። እኔ ትልልቆቹን ይዤ ወደ ባሕር ዛፉ ጥግ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ስለ ነጭ ልብስ ትንሽ ልበል፤ የእኛ አገር ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚታገለው ከእሱ ጋር ነው። የሀገር ልብስ ፀሐይ ላይ ያበራል፤ ፊታችን ደግሞ ጠይም ነው። ብርሃኑን ለነጩ ስታስተካክል ፊት ይጠፋል፣ ለፊት ስታስተካክል ጥበቡና ጥልፉ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ለዚህ ነው ሦስት ሰዓት ካለፈ ፀሐይ ላይ የማላነሳው። ጥላ ውስጥ አስገብቼ ፊታቸውን ወደ ክፍት ሰማይ አዞራለሁ። ግን ጥላ ውስጥ ሣሩ አረንጓዴ ቀለሙን አገጭ ሥር ይረጫል። መላው ቀላል ነው። ከካሜራው እይታ ውጭ፣ ከፊታቸው ሣሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ማንጠፍ። ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ አረንጓዴውንም ይሸፍነዋል። የታጠፈ ሪፍሌክተር (ብርሃን መመለሻ) ነበረኝ፤ ነገር ግን ለዚህ ሁሉ ሰው ያንሳል። «አንድ ነጠላ ብታውሱኝ» አልኩ።

«ነጠላ መሬት ላይ?» አሉ አያትየው። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የመኪናው ወንበር ላይ የነበረ አሮጌ አንሶላ ተገኘ፤ እሱ ተነጠፈ።

ሁለት ረድፍ ስለነበሩ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ 5.6 ላይ አደረግኩት፤ ከዚያ ዝቅ ብል የኋለኞቹ ይደበዝዛሉ። አያትየውን ከአራት ልጆቻቸው ጋር አነሳኋቸው። ልጅ ሳይኖር ትልልቅ ሰው እንዴት እንደሚላላ ያየ ያውቃል። ማንም ማንንም «ወደዚህ እይ» አይልም። አጎትየው የድሮ ወሬ አንስቶ እህቶቹን በሳቅ አፈረሳቸው። ከዚያ ሥራ ውስጥ ጥሩ ጥሩው ግማሹ የወጣው ከዚያ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የገንዘብ ጉዳይ መጣ። ውላችን ግማሽ ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ከተመለስን ሙሉ ቀን ይሆናል። ልጅቷ «አንተ ነህ ጠዋት ያልከው» አለች። እውነት ነው፤ ጠዋት ያልኩት ሳምንት ቀድሞ ለገባ ልጅ ነበር። አልተከራከርንም ማለት አልችልም። በመጨረሻ ልዩነቱን እኩል ተካፈልን፤ ምሳም ጋበዙኝ። ሱሉልታ ከተማ ጥብስ በላን። ማሙሽ በዚህ ሁሉ መሃል ተኝቷል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ነቃ። በዋሽንግተን ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ መሆኑ ነው። ወተትና ዳቦ ቀረበለት፤ አጣጥሞ በላ። ጫማው እንዳይደረግለት አልኩ። የጠበበው አዲስ ጫማ ከካሜራ የባሰ ጠላት ነው። ሜዳው ላይ ጫማ ማን ያያል?

ሰማዩ እንደፈራሁት ደምኗል። ግን አልዘነበም፤ ደመናው ደግሞ ጠላት አልሆነም። ብርሃኑ ለስልሷል፣ ነጩም ልብስ አልተቃጠለም፣ ዓይኑን የሚጨፍን የለም። ከጠዋቱ ይልቅ አመቸኝ።

ለዘመዶቹ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ልጁን አትጥሩት። «ሳቅ»፣ «ካሜራውን እይ»፣ «ና እዚህ ቁም» የለም። እኔ ሣሩ ላይ ተንበርክኬ ሩቁን በሚያቀርብ 70-200 ሌንስ ከሩቅ ያዝኩት። ለሚሮጥ ልጅ የሻተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት፣ ከ1/500 ሰከንድ በታች አላወርደውም። መጀመሪያ አባቱን እግር ይዞ ቆመ። ከዚያ የገበሬውን ጥጃ አየ።

ጥጃው በገመድ ታስሮ ይግጥ ነበር። የገበሬው ልጅ፣ እኩያው መሰለኝ፣ አጠገቡ ቆሟል። አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ሁለቱም አልቸገራቸውም። የገበሬውን ልጅ ከማንሳቴ በፊት አባቱን በእጅ ምልክት ጠየቅኋቸው፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ይህን የምለው ደንበኛ ስላልሆነ ብቻ የባላገር ልጅ ሳይጠየቅ ሲነሳና ገጽ ላይ ሲለጠፍ ስለማይ ነው። የከተማ ልጅ ቢሆን እናቱ ስልክ ትደውል ነበር።

ማሙሽ አንድ አደይ አበባ ቀጠፈ። ጥጃውን አስሸተተው። ጥጃው ምላሱን አወጣና ከነግንዱ ጠቅልሎ ወሰደው።

ልጁ በሳቅ መሬት ላይ ወደቀ። ተነስቶ ሌላ ቀጠፈ። ያንንም በላው። ከዚያ በኋላ እኔ የምሠራው ሥራ አልነበረም፤ ጣቴን መጫን ብቻ። አባትየው ሮጦ መጥቶ አብሮት ተንበረከከ፣ እናትየውም ቀሚሷን ሰብስባ ተከተለች፣ አያትየው ከኋላ «እጁን እንዳይነክሰው!» ይላሉ። ሳይሰለፉ ተሰባሰቡ። አሥራ አንድ ተኩል አካባቢ ደመናው ከምዕራብ በኩል ተሰነጠቀና ያቺ የተመኟት ወርቃማ ብርሃን ለጥቂት ደቂቃ መጣች። ልጅቷ በድል አየችኝ። ዝም አልኩ፤ ምን እላለሁ?

በሳምንቱ ፎቶዎቹን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አባትየው የልጁ ፎቶ የትም እንዳይለጠፍ ጠየቀ። እሺ አልኩ፤ ስለዚህ ከዚያ ቀን የወጣው ምርጥ ሥራዬ ገጼ ላይ የለም። አያትየው በበኩላቸው ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ አልፈልግም፣ ታትሞ በፍሬም ይምጣልኝ አሉ። የመረጡት ጥጃው አበባውን ሲወስድ ያለውን ነው። ልጁ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ እናቱ ግማሽ ፊቷ በነጠላ ተሸፍኗል፣ አባትየው ዓይኑን ጨፍኗል።

«እማዬ፣ ይሄን አይደለም፤ ዓይኔ ተጨፍኗል» አለ አባትየው።

«አንተን መች አየሁህ?» አሉ።

ያው ፎቶ በትልቁ ታተመ።