በክዋርክ ኮከብ ገጽ ላይ የተሸሸገች ስሕተት

ቶልማን፣ ኦፐንሃይመርና ቮልኮፍ እ.ኤ.አ. በ1939 ያወጧቸውን የኮከብ ሚዛን ቀመሮች (የኮከብ ስበትና ግፊት እንዴት እንደሚመጣጠኑ የሚገልጹትን) በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ አስልቼ መጨረሴን ባለፈው ነግሬያችሁ ነበር። እርስ በርሳቸው የማይገፋፉ ኒውትሮኖችን ብቻ ስወስድ የኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም በአብዛኛው በኒውትሮን የተሞላች እጅግ የታመቀች ኮከብ፣ ከፍተኛ መጠነ ቁስ የፀሐይን 0.7 እጥፍ ያህል ሆኖ ወጣ፤ ኦፐንሃይመርና ቮልኮፍ ያገኙትም ይህንኑ ስለሆነ ፕሮግራሙን አመንኩት።

ቀጥዬ ወደ ክዋርክ ኮከብ፣ ማለትም ኒውትሮን ራሱ ከተሠራባቸው ክዋርክ ከሚባሉ ቅንጣቶች ወደተሠራች ኮከብ፣ ተሻገርኩ። መኖሯ በምልከታ አልተረጋገጠም፤ ብትኖር ግን ከኒውትሮን ኮከብ የምትለየው በገጿ ነው። የኒውትሮን ኮከብ እፍግታ ወደ ላይ በተቃረበ ቁጥር እየሳሳ ሄዶ ያልቃል፤ የክዋርክ ኮከብ ግን ግፊቱ ዜሮ በሆነበት ገጿ ላይ እንኳ፣ እኔ በመረጥኩት ልኬት፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 430 ሚሊዮን ቶን ያህል ቁስ እንደያዘች ድንገት ታበቃለች።

ሁለት ኮከቦች እየተዟዟሩ ሲቀራረቡ አንዷ ሌላዋን በስበቷ ትለጥጣለች፤ መለጠጡም መቀራረባቸውን ስለሚያፋጥነው በሚለቁት የስበት ሞገድ ላይ አሻራው ይታያል። የስበት ሞገድ መመልከቻዎቹ ላይጎና ቪርጎ እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 የመዘገቡት ሞገድ ተመራማሪዎችን ያን ያህል ያስደሰታቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኮከቢቱ ምን ያህል እንደምትለጠጥ የሚነግረን የላቭ ቁጥር ይባላል። መጠነ ቁሷ የፀሐይ አንድ መቶኛ ለሆነች፣ እፍግታዋም ከመሐል እስከ ዳር እኩል ሊባል ለሚችል የክዋርክ ኮከብ ወደ 0.75 የተጠጋ ውጤት ስጠብቅ፣ ፕሮግራሙ ዜሮ ሊሆን ጥቂት የቀረው ቁጥር ሰጠኝ። በአጠቃላይ አንጻራዊነት የላቭ ቁጥሩ ዜሮ የሚሆነው ደግሞ የጥቁር ጉድጓድ ነው! ገጽ ያላትን ኮከብ ስሌቴ ጥቁር ጉድጓድ አስመስሏት ነበር።

ብዙ ቀን የፈለግሁት ስሕተት የተገኘው በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው። ቀመሩ እፍግታ ከግፊት ጋር የሚለዋወጥበትን ፍጥነት ይጠይቃል፤ ስሌቴ ግን ከገጹ በታች ስለሚቆም እፍግታው በአንዴ ወደ ዜሮ የሚወድቅበትን ዝላይ አያየውም። ስለዚህ የላቭ ቁጥር ከሚሰላበት የገጽ እሴት ላይ፣ የገጹ እፍግታ ለአማካይ እፍግታ ተካፍሎ በ3 ሲባዛ የሚገኘውን መቀነስ ያስፈልጋል። በእጄ ሳሰላው እፍግታዋ እኩል በሆነች ኮከብ 2 የነበረው −1 ይሆናል፤ የላቭ ቁጥሩም ከዜሮ ተነሥቶ በትክክል 0.75 ይደርሳል። በፕሮግራሙ ውስጥ የጨመርኩት አንድ መስመር ብቻ ነው።

አሁን የፀሐይን 1.4 እጥፍ ለምትመዝን ኮከብ እያሰላሁ ነው፤ የክዋርክ ኮከብ የምትሠሩ ካላችሁ ይህን ቅናሽ ማካተታችሁን እባካችሁ ተመልከቱ።