አይጦቹ ከጭንቅላታቸው በላይ ምን አለ?

የትኛው የአይጥ ዝርያ የት እንደሚኖር ለማየት የተለያዩ ቦታዎች መርጬ ወጥመድ ዘረጋሁ፤ ደን፣ ቁጥቋጦ፣ የሣር ሜዳ፣ ረግረግ፣ ድንጋያማ ተዳፋትና የእርሻ ዳር። ወጥመዱ ሸርማን የሚባለው የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። እንስሳው ሲገባ በሩ ከኋላው ይዘጋል እንጂ አይገድለውም። በየቦታው 49 ወጥመዶች ሰባት በሰባት ተደርገው፣ በመካከላቸው 10 ሜትር ተትቶ ይደረደራሉ። ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤ ከአጃ ጋር ተለውሶ ነው።

ቦታ ከቦታ ለማወዳደር ከፈለጋችሁ ሁሉም ነገር እኩል ይሁን። የወጥመዱ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ጨረቃዋም ጭምር። ብዙ የሌሊት አይጦች ጨረቃ ስትደምቅ ከጉድጓድ መውጣት ይቀንሳሉ፤ ለጉጉት ይጋለጣላ። ደኑን በጨለማ፣ ሜዳውን በሙሉ ጨረቃ ካጠመዳችሁ ልዩነቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ወጥመዱን ማለዳም አመሻሽም ማየት ግድ ነው። ማስቶሚስ የሚባለው ባለ ብዙ ጡት አይጥ የሌሊት ነው። አርቪካንቲስ፣ የሣር አይጡ፣ በጠራራ ፀሐይ ይንቀሳቀሳል። ቀን የገባ እንስሳ በብረት ሳጥን ውስጥ በሙቀት ይሞታል። ስለዚህ ወጥመዱን በሣር መሸፈንና ቶሎ ቶሎ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ድንጋዮቹ መካከል እሾኻማ አይጥ አገኘሁ፤ አኮሚስ ይሏታል። የጀርባዋ ፀጉር ሲነካ ይወጋል። ቆዳዋ ግን ስስ ነው፤ ጠበቅ አድርጎ የያዛት ሰው እጅ ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የተገፈፈው ቆዳ ፀጉሩ ሳይቀር እንደገና ይበቅላል። ቢሆንም ለእንስሳዋ ሥቃይ ነው። ከወጥመዱ በቀጥታ ወደ ጨርቅ ከረጢት አንሸራትቼ፣ ከነከረጢቱ መዘንኩ። ጅራት፣ ጆሮና የኋላ እግር ለካሁ። ለምልክት ከጀርባዋ ጥቂት ፀጉር ቆርጬ እዚያው የተያዘችበት ቦታ ለቀቅኳት። ጓንት ሳይደረግ ይሄ ሥራ አይነካም። ማስቶሚስ በምዕራብ አፍሪካ የላሳ ትኩሳትን ቫይረስ የሚያስተላልፍ እንስሳ ነው።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሜዳው ነው። ካርታ ላይ ያጠመድኩባቸው ሁለቱም ሜዳዎች «የሣር ሜዳ» ይባላሉ። ከብት የጋጠው ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። አጠገቡ ሣሩ ጉልበት የሚደርሰው ግን ሞልቶ ነበር። ለአይጥ የቦታው ስም ምኗም አይደለም። ከላይ የሚሸፍናት ነገር አለ ወይ? ምግብ ፍለጋ ስትሮጥ ጭልፊት ያያታል ወይ? ለዚህ ነው አሁን በየወጥመዱ ዙሪያ የሣሩን ቁመትና የመሬቱን ሽፋን ሳልመዘግብ የማላልፈው። ይሄን ያልያዘ መረጃ ለእኔ ግማሽ ነው።

የእርሻው ዳር ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠኝ። ብዙ እንስሳ የያዝኩት እዚያ ነው፤ ግን አብዛኛው ማስቶሚስ ነበር። በአንድ ወሊድ 10ና ከዚያ በላይ ልትወልድ የምትችል እንስሳ ስለሆነች በታረሰ መሬት ቶሎ ትበዛለች። ቁጥቋጦው በቁጥር ያንሳል፣ በዝርያ ግን ይበልጣል። ብዛትና ብዝኃነት ለየብቻ መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ወጥመድ ሁሉንም አይዝም። ኦቶሚስ የሚባለው የረግረጉ አይጥ ሣር በል ስለሆነ ለኦቾሎኒ ብዙም ደንታ የለውም። እሱን የምታገኙት በሣሩ ሥር በሠራው ቀጭን መንገድ፣ ቆራርጦ በተዋቸው የሣር ዘንጎችና በኩሱ ነው። ፍልፈል ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ሳጥን አይመጣም፤ አዲስ የተገፋ እርጥብ አፈሩ ይቆጠራል። እነዚህን ከወጥመዱ ቁጥር ጋር ሳልደባልቅ በሌላ ዓምድ እይዛቸዋለሁ።